ለነፍስ ኄር የመኪናዬ ዋስትና፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አሥራ አንድ ቀን ስለመዘግየቴ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ማረፍዎን እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ካምቢዮው ግን በዕለቱ መርዶ ሳይደርሰው አልቀረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በጨዋነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ ከኮምቦልቻ የተገዛ የበዓል በግ ከኋላ ጭኜ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወጣ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድም አለ። ጎማው ሥር ድንጋይ ስወትፍ በጉ በመስታወቱ ይመለከተኝ ነበር፤ ከሁለታችን የማን ዕጣ እንደሚሻል የሚያመዛዝን ይመስላል።

ያለፈዎት አሥራ አንድ ቀን ነው፤ አምስቱ ደግሞ የጳጉሜን ናቸው። ጳጉሜን ለደመወዝ አትቆጠርም፤ በሌላው ሁሉ የማይምረኝ አከራዬ እንኳ ኪራይ አይጠይቅባትም። በእርስዎ መዝገብ ግን አንድም ሳትጎድል ተቆጥራ ተገኘች። ውልዎ «ሦስት ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የደረሰው» ይላል፤ የእኔዋ ገና 41 ሺህ ላይ ነበረች። አምና የፍሬን ሸራው «የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አይመለከተንም» ሲባል፣ የሚያልቀው ዕቃ እርስዎ መሆንዎ አልገባኝም ነበር።

ሟች ግን ወራሽ ትተዋል ተባልኩ፤ ስሙም በጎ ፈቃድ ይባላል። ግዴታ ባይኖርበትም ዋስትናውን የሰጠው ድርጅት ደስ ካለው የዕቃውን ወይም የእጅ ዋጋውን ይጋራል። የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ የሚወስነው አዲስ አበባ ነው ይላል፤ አዲስ አበባ ሲደወል ቅርንጫፉን ይጠይቁ ይላል።

ባለፈው ማክሰኞ ማመልከቻዬን አዘጋጅቼ፣ አንድም ጊዜ ሳላሳልፍ፣ በሰፈር ጋራዥ ደጃፍ እንኳ ሳልቆም ያስሞላሁትን የሰርቪስ ደብተር ይዤ መስኮቱ ጋ ቀረብኩ። ወጣቱ ሠራተኛ አነበበና ቀይ እስክሪብቶ አነሣ። «ጋሼ፣ ‹እጠይቃለሁ› አይባልም። በጎ ፈቃድ መብት አይደለም፤ ‹በትሕትና እለምናለሁ› ተብሎ ይስተካከል።» ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ዝም አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ያረምኩትን ደብተር ቁጥሩን አላውቀውም፤ የራሴ ጽሑፍ በቀይ ታርሞ ሲመለስልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ግሥ ለመቀየር ማዶ ወዳለው ኮምፒውተር ጽሕፈት ብሄድ መብራት ጠፍቷል፤ ሲመጣ ምሳ ሰዓት ሆነ። ከምሳ በኋላ እንደገና ተሰልፌ ስደርስ «ጉዳት» የሚለው ቃል ካሳ ያስመስላል ተባለና «ችግር» ሆነ፤ «ብልሽት» ደግሞ ድርጅቱን ስለሚወቅስ «ሁኔታ» ሆነ። አሁን በመዝገብ ቤት ያለው ማመልከቻ፣ መኪናዬን አንድ ሁኔታ ስለገጠማት በትሕትና የምለምንበት ነው።

ሐምሌ 8 ቀን፣ እርስዎ በሕይወት ሳሉ፣ ይህንኑ ካምቢዮ «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይንኳኳል» ብዬ አቅርቤዋለሁ። መካኒኩ ነድቶ ሰምቶታል። በደብተሬ ላይ «ድምፅ አለ፤ ክትትል ይደረግ» ብሎ በእጁ ጽፎ ማኅተም መቶበታል። ማንም አልተከታተለውም። ያን ቀን ቢፈታ ወጪው የድርጅቱ ነበር፤ ድምፁን የሰማ ሰው ዋስትናው የሚያልቅበትንም ቀን እዚያው ገጽ ላይ አይቶታል። በዋስትና ዘመን ተነግሮ፣ ታምኖበት፣ ተጽፎ የታለፈ ብልሽት ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አዲስ ብልሽት አይሆንም። ዕዳ ነው። ዕዳውን ለማስከፈል ደግሞ እኔ ለማኝ ሆኜ ተሰልፌአለሁ።

ትናንት ተደወለልኝ። ተያያዥ ሰነዱ ላይ ሁሉም ማኅተም ደምቆ ወጥቷል፤ «ክትትል ይደረግ» የምትለዋ መስመር ግን በፎቶ ኮፒው ላይ አትነበብም ተብሏል። ዋናውን ይዤ ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ በሚኒባስ።

ከሰላምታ ጋር