ጫማው ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ልጅ አልበም አወጣ። ክራር እየመታ ታሪክ የሚያወራ ዘፋኝ ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሱ። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። በየዘፈኑ ውስጥ ሰው አለ፣ ጉዳይ አለ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለ። እኔ የወደድኩት የጫማ ሰፊውን ነው። አንድ ደንበኛ ጫማውን ይሰጠውና «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይሄዳል። አይመጣም። በቃ። ጫማ ሰፊው ክረምት ከበጋ አቧራውን እያራገፈ ይጠብቃል። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል።

ማክሰኞ ዕለት ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ሳማስል ይኸው ዘፈን ተከፈተ። ደስ አለኝ። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወደ ጓደኛው ጠጋ አለና በሹክሹክታ (ሹክሹክታው እስከ ካሸሯ ድረስ ይሰማል) «ጫማው ማን እንደሆነ ገባህ?» አለው።

ጫማው ማን ነው? ጫማው ጫማ ነዋ!

ጓደኛው ግን ምንም አልመሰለውም። «ሥልጣን ነው» አለ። ሰውዬው በሐዘኔታ አየው። «ጫማውን ተወውና ደንበኛውን እይ። ነገ እመጣለሁ ብሎ አሜሪካ የቀረው ማን ነው? ዲያስፖራው!» ሦስተኛው ከሌላ ጠረጴዛ ወንበሩን እየጎተተ መጣ። «የኑሮ ውድነቱ ነው» አለ። እንዴት እንደሆነ አላብራራም። ሲከራከሩ ዘፈኑ አለቀ። መጨረሻውን አልሰማሁም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» እያልን ስንኝ ስናቀብል ነው የኖርነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይዘፈንም። ገጣሚው ይደብቃል፣ አድማጩ ይፈልጋል። ጨዋታው ያኔ ጥሩ ነበር። አሁን ግን የደበቀ በሌለበትም እየቆፈርን ነው። ምነው ስትላቸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉሃል። ባለፈው ዓመት «ጥርሴን አሞኛል» ስል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግራ ቀኙን አይቶ ጠቀሰኝ። ጥርሴን ነው ያመመኝ፣ ሰውዬ! መንጋጋ! ግራ በኩል!

ሰምና ወርቅ ይሉሃል ደግሞ። ወርቅ አንጥረኛ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይቸኩልም። መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል። በጭቃ ይሸፍነዋል። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስሳል። ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም ተበላሸ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ሰሙን ሳያዩት ወርቁን በኪሎ ሊመዝኑ ሚዛን ያወጣሉ።

እኔ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን ተረት በጣም እወዳለሁ። የምወደው ለብርሌዋ ነው። አንገቷን አይታችኋል? ቀጭን ናት። ጠጁን እንደ ውኃ ልገልብጥ ብትል አትሰጥህም። ቀስ እያልክ ነው የምትጎነጨው። ነገርም እንደዚያ ነው ማለታቸው ይመስለኛል። ዛሬ ብርሌዋን ሰብሮ ከሥሯ የሚልስ ሰው በዛ።

መጨረሻ ሲያመልጠኝ የምናደደው በከንቱ አይደለም። ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ተረት የሚያወርድ የክራር ካሴት ነበረኝ። ሰው እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በጥፍሬ ሰብሬያታለሁ። አንድ ጎረቤታችን «ለአንድ ቀን» ብሎ ተዋሰ። በወሩ መለሰ። ቀዳዳዋ ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቆባታል። ከፈትኩት። ባለታሪኩ ወንዝ ዳር ደረሰ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ አንድ እግሩን ውኃው ውስጥ አስገባ፤ «ሃፒ በርዝዴይ ቱ ዩ!» የሰውዬው ልጅ ልደት! ጭብጨባ! ሻማ እፍ ሲባል ሁሉ ይሰማል። ያ ምስኪን ወንዙን ይሻገር አይሻገር እስከዛሬ አላወቅኩም። ጎረቤታችንን ለቅሶ ቤት ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም።

እና ከካፌው ተናድጄ ወጣሁ። በሀገር ፍቅር በኩል አለፍኩ። በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት የተቋቋመ ቤት ነው። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በአንዲት ክራር ሰው ጸጥ ያሰኙበት ከተማ ውስጥ ሰባት ደቂቃ ዝም ማለት አቃተን?

ማታ ቤቴ ኢርፎን ሰክቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ደንበኛው ሞቷል። ልጁ መጥቶ የአባቱን ጫማ ይለካል። የዘፈኑ የመጨረሻ ቃል «ሰፋው» ናት።

ሰፋው! ጫማው ልጁን ሰፋው? ወይስ ጫማ ሰፊው ቁጭ ብሎ በልጁ እግር ልክ ሰፋው? ኅብረ ቃል! ከአልጋዬ ብድግ አልኩ። ወርቅ የለም እያልኩ ስነጫነጭ ውዬ፣ ወርቁ ለካ እዚያ ጥግ ተቀምጧል። ሦስቱ ሰዎች በሩ ላይ ሲቆፍሩ አመለጣቸው። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። «ቆይ፣ ልጁ ማን ይሆን?» ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

በማግስቱ አራት ኪሎ ወደ ጫማ ሰፊዬ ሄድኩ። ድሮ ላስቲክ ወጥሮ ነበር የሚሠራው፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ አንድ ሕንፃ ሥር ተጠግቷል። ዘፈኑን በስልኬ ከፈትኩለት። ወስፌውን ከሶሉ ሳይነቅል፣ ሰባቱንም ደቂቃ ዝም ብሎ ሰማ። «እህስ?» አልኩት።

«ቀብድ ሳይቀበል ነው የሰፋው?» አለኝ።

«እሱን አይናገርም።»

«ሞኝ ነው።» ከኋላው ካለው ማዳበሪያ ውስጥ ጥንድ ጥቁር ጫማ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። «የእርስዎስ፣ ጋሼ? ከሰኔ ጀምሮ እዚህ ነው።»