ማስተካከያ፦ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ሚኒሞ

ባለፈው ሳምንት፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላቸው የቆዩ የቤንዚን ፒክአፖች ቆመው ሲንቀጠቀጡና ሊጠፉ ሲሉ «ካርቡሬተሩን አጥቡ፣ የሚኒሞውን ብሎን ጨምሩ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ተሳስቻለሁ።

ያን ምክር የሰጠሁበት የድሬዳዋ ሂሉክስ ከታጠበም በኋላ ከዚራ ሰፈር ላይ ባጃጅ ለማሳለፍ በቆመ ቁጥር ሊጠፋ ይል ነበር። ትናንት ኮፈኑን ከፍተን ጆሯችንን ስናስጠጋ «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከሞተሩ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ፔዳሉን ወደሚያቀለው አጋዥ) የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ አጠፍ ሲያደርጉት ግን ከሥሩ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። በፒንሳ ጨበጥ ስናደርገው ሞተሩ ወዲያው ረጋ።

በስንጥቁ የሚገባው ትርፍ አየር የቤንዚኑን ድብልቅ ያሳሳዋል። ነዳጅ ሲሰጡት ስለሚሸፈን ሚኒሞ ላይ ብቻ ይታያል፤ ብሎኑን መጨመር ሕመሙን መደበቅ ነው። የከፋው ደግሞ ቱቦው የፍሬን አጋዡ ቱቦ መሆኑ ነው፦ ቢበጠስ ፔዳሉ ይደድራል። በደንገጎ ቁልቁለት የምትመላለሱ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ እዩት።

መጀመሪያ ቱቦዎቹን፣ ቀጥሎ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን)፣ ካርቡሬተሩን መጨረሻ ላይ ፈትሹ። በምክሬ ካርቡሬተር የገዛችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።