ቁልፍ መቀየር ማጭበርበር አይደለም

አንድ የአዲስ አበባ ጌም ቤት ሰሞኑን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ለተባለው፣ ሰፈር እየገነቡ ጦር እያሰለፉ ለሚዋጉበት የኮምፒውተር ጌም ውድድሩ የለጠፈው ደንብ አራተኛ ተራ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የኪቦርድ ቁልፎችን ከዲፎልቱ የቀየረ ተጫዋች ከውድድሩ ይሰረዛል።» ዲፎልት ማለት የትኛው ቁልፍ የትኛውን ትእዛዝ እንደሚሰጥ ጌሙ ራሱ ይዞት የሚመጣው አሰላለፍ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አዘጋጁ በቴሌግራም የሰጠው መልስ ከደንቡም ይብሳል። «ቁልፍ መቀየር ማጭበርበር ነው፤ ሁሉም እኩል ይሁን» አለ።

ማጭበርበር የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ ሰው ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ጀምሮ ቁልፍ መቀየሪያ ገጽ ነበረው፤ በ2019 ታድሶ ሲመጣም ገጹ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሌላ የስትራቴጂ ጌም፣ ዋርክራፍት 3፣ ቁልፎቹን በአንድ የጽሑፍ ፋይል መቀየር ያስችላል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ለተጫዋቹ ብለው ያስቀመጡትን ነገር የነካ ሰው ማንን ነው ያጭበረበረው? ቁልፍ ቀየርክም አልቀየርክም አንድ ጊዜ ስትጫን አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሄደው። አንዴ ተጭኖ አሥር ትእዛዝ የሚያወርደው ማክሮ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ይከልከል፣ እስማማለሁ። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሰው ግን የውድድር ደንብ ባይጽፍ ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ እጅ ነው። የስትራቴጂ ጌም ተጫዋች ቀኝ እጁ ማውስ ላይ፣ ግራ እጁ ኪቦርዱ ግራ ጥግ ላይ ነው። ትክክለኛ ቁልፍ ማለት ያ ግራ እጅ ሳይነሳ፣ ዓይን ከስክሪኑ ሳይነቀል የሚደርስበት ነው። አሁን ዲፎልቱን ተመልከቱ። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ሥራ ፈቶ የቆመ ቪሌጀርን (ሠራተኛን) ፈልጎ የሚያሳየው የነጥብ ምልክቷ (.) ቁልፍ ነው፤ ታች በስተቀኝ፣ ከሺፍት አጠገብ። በአንድ ጨዋታ ደጋግመህ የምትጫነው ቁልፍ ይኸው ነው፤ በተጫንከው ቁጥር ወይ ግራ እጅህ ኪቦርዱን አቋርጦ ይሄዳል፣ ወይ ቀኝ እጅህ ማውሱን ይለቃል። ስታርክራፍት በተባለው ሌላ የስትራቴጂ ጌም፣ በመጀመሪያው እትሙ፣ ታንኩን መሬት ላይ የሚተክለው ቁልፍ ኦ ነው፣ እሱም በስተቀኝ። ጠላት እየመጣብህ ኦን ፍለጋ ጎንበስ ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ብዙዎቹ ዲፎልት ፊደላት ለምን እዚያ ሆኑ? ከእንግሊዝኛው ስም ስለተወሰዱ ነው። የስታርክራፍቱ ሕንፃ ፓይሎን በፒ ስለሚጀምር ቁልፉ ፒ ሆነ፣ ጣት ይድረስ አይድረስ ጉዳይ አልነበረም። በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው ፊደሉ ቢያንስ ለማስታወስ ይረዳዋል። ጓደኛውን «ቤት ሥራ፣ ቤት ሥራ! ጦር ሰፈሩስ?» እያለ ለሚጫወት የሰፈሬ ልጅ ግን ምን ያደርግለታል? እሱን የሚረዳው ቦታ ነው። ስታርክራፍት 2 ውስጥ ያለው ግሪድ የሚባል አሰላለፍ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የላይኛው ረድፍ የመጀመሪያ ምልክት ኪው ነው፣ ቀጥሎ ደብልዩ፣ ቀጥሎ ኢ። የምታየውና የምትጫነው አንድ ቦታ ላይ ናቸው፣ ምንም ቋንቋ አያስፈልግም። ለእኛ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዲፎልት ይሁን የሚለው አዘጋጅ በግድ የሚያሸክመን የሌላ ሰው ቋንቋ ነው።

«ሁሉም እኩል ይሁን» ለሚለውም መልስ አለኝ። በውድድሩ የመጀመሪያ ቀን አንድ ግራኝ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ማውሱን በግራ ይይዛል፣ ስለዚህ ኪቦርዱ ላይ ያለው ቀኝ እጁ ነው፤ ቤት ሲጫወት ቁልፎቹን በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሯቸው ነው። ላዙራቸው ቢል ተከለከለ። ጌሙ ውስጥ ካሉት ወገኖች ኢትዮጵያን መረጠ፤ ወታደሮቹ በአማርኛ የሚመልሱባትን። ሾተል የያዘው ተዋጊ ከካስትል (ከምሽጉ) በ8 ሰከንድ ይወጣል፣ የዚህ ወገን ጉልበቱ ይህ ፍጥነት ነው። ልጁ ግን ቀኝ እጁን ኪቦርዱን አሻግሮ ወደ ግራው ጥግ እየሰደደ፣ ሁለቱ እጆቹ አንድ ጥግ ላይ ተጨናንቀው፣ ካስትሉ ባዶውን ሲቆም አየሁ። ወርቁም ምግቡም ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጻፊያው በቀኝ ክንድ በኩል ብቻ የተገጠመ ወንበር ላይ ግራኝ ተማሪ ወገቡን ጠምዝዞ ሲጽፍ ያየ ሰው ያንን ልጅ አይቶታል። ወንበሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ እኩል ግን አይደለም።

ኮሪያውያን በስታርክራፍት ለዓመታት በዲፎልት ተጫውተው ዓለምን አሸንፈዋል የሚል አለ። እውነት ነው። ያሸነፉት ግን በቀን ስንትና ስንት ሰዓት ልምምድ ላይ እያሳለፉ እንጂ ቁልፉ ጥሩ ስለሆነላቸው አይደለም።

ከጨዋታው በፊት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ደቂቃ ይሰጠው፤ ቁልፉን ያስተካክል፣ ዳኛው ቆሞ ማክሮ አለመኖሩን ይይ፣ ሲጨርስ ወደ ዲፎልት ይመልሰው። ጌም ቤቱን አንድ ብር አያስወጣውም። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት አራተኛው ተራ ይሰረዝ፤ የግራኙ ልጅ ጨዋታም ይደገም።