የተሞላ ደብተር የመማር ማስረጃ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለወላጆች የላከውን ደብዳቤ አንብቤ እጅግ ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሰጥ የነበረው የተግባር ሥራ ወደ ዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ መዛወሩን፣ እሱም ቢሆን የሚካሄደው የሳምንቱ ትምህርት ተሸፍኖ ጊዜ ከተረፈ ብቻ መሆኑን ያስታውቃል። ለውሳኔው ሦስት ምክንያቶች ቀርበዋል፤ የተግባር ሥራ ክፍሉን ያንጫጫል፣ ለፈተና የሚፈለገውን ምዕራፍ ያጓትታል፣ ወላጆችም የልጆቻቸውን ደብተር ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ቅር ይላቸዋል።

ሦስተኛው ምክንያት በማንኛውም ትምህርት ቤት ማኅተም ሥር ሊወጣ የማይገባው ነው። አንድ ተማሪ የጻፈው ነገር ቅንጣት ሳይገባው ሙሉ ገጽ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ከሰሌዳ ሊገለብጥ ይችላል፤ መምህሩም ቀይ ራይት አድርጎለት ያልፋል። ደብተሩ ሞልቷል፣ ወላጅም ተደስቷል፣ ልጁ ግን ባለበት ነው። ወላጅ ቅር ከተሰኘ ልጁ በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሠራና ለምን እንደሠራ ማስረዳት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነበር። የወላጅን ቅሬታ የማስተማሪያ ዘዴ መምረጫ አድርጎ ማቅረብ ከሙያዊ ኃላፊነት መሸሽ ነው።

በዚህ ውሳኔ ልጆቹ የሚያጡት ምን እንደሆነ ለማየት የስፋትና የዙሪያ ትምህርትን እንውሰድ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሬክታንግል ይሥላል፤ ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ ዙሪያ ማለት ደግሞ የርዝመትና የወርድ ድምር ሲባዛ በ2 እንደሆነ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ መልመጃውንም ሠርተው ሁሉንም ያገኛሉ። አሁን ለእነዚሁ ተማሪዎች እኩል የሆኑ 12 የካሬ ቅርጽ ካርዶች ስጧቸውና ሁሉንም ካርዶች የሚጠቀም ሬክታንግል እንዲሠሩ ጠይቋቸው። አንዷ 3 በ4 ታደርገዋለች፣ አጠገቧ ያለው 2 በ6፣ ሌላው ካርዶቹን ሁሉ በአንድ መስመር ይደረድራቸዋል። ከመቁጠራቸው በፊት የማን ዙሪያ እንደሚበልጥ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ያለምንም ጥርጣሬ እኩል ነው ይላሉ፤ የካርዱ ቁጥር እኩል ነዋ። ከዚያ በጣታቸው የውጭውን ጠርዝ እየነኩ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያዋ 14፣ ሁለተኛው 16፣ ሦስተኛው 26 ይደርሳል፤ 26 ያገኘው ልጅ የተሳሳተ ስለሚመስለው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደግሞም 26 ይሆንበታል።

ትምህርት የሚባለው ያ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆጥር የሚሆነው ነው። መልመጃውን በሙሉ ሲያገኝ ስፋት እኩል ከሆነ ዙሪያም እኩል ነው የሚለው የተሳሳተ እምነቱ ሳይነካ ቆይቶ ነበር፤ መምህሩም የዚህን እምነት መኖር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ካርዶቹ ስሕተቱን ጠረጴዛው ላይ አወጡት። ጉዳዩ እዚህም አያበቃም፤ ጎበዝ መምህር ልዩነቱ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። 12 ካርዶች እያንዳንዳቸው 4 ጎን ስላላቸው በጠቅላላው 48 ጎኖች አሉ፤ ሁለት ካርዶች በተነካኩ ቁጥር ሁለት ጎኖች ወደ ውስጥ ገብተው ከዙሪያው ይወጣሉ። በአንድ መስመር ሲደረደሩ መነካኪያዎቹ 11 ብቻ ናቸውና 22 ጎኖች ተደብቀው 26 ይቀራሉ፤ 3 በ4 ሲሆኑ ግን መነካኪያዎቹ 17 ስለሚደርሱ 34 ጎኖች ይደበቁና 14 ይቀራሉ። ይህን ምክንያት ሰሌዳው ላይ ያለው ቀመር አይናገርም፣ ካርድ የገፋና የነካካ ልጅ ግን በራሱ አንደበት ያስረዳችኋል። በ20 ሜትር አጥር የሚከበበው ትልቁ ሬክታንግል የቱ ነው የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ቢመጣም፣ 5 በ5 ሲሆን ስፋቱ 25፣ 9 በ1 ሲሆን ግን 9 ካሬ ሜትር ብቻ እንደሆነ የሚደርስበት ይኸው ልጅ ነው። እንግዲህ የተግባር ሥራ ለፈተና አይጠቅምም የሚለው ሰው የትኛውን ፈተና አስቦ እንደሆነ ያስረዳን።

በክፍልፋይም ያው ነው። 4 ከ3 ስለሚበልጥ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ብሎ የሚያምን ልጅ በየክፍሉ አለ፤ ሁለት እኩል የወረቀት ቁራጮችን አንዱን ለ3፣ ሌላውን ለ4 አጥፎ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ግን ክፍሎቹ ሲበዙ እያንዳንዳቸው እንደሚያንሱ በዓይኑ ያያል።

ይህ በእጅ እየነኩ መማር የትናንት ፋሽን እንዳይመስላችሁ። ፍሪድሪክ ፍሮብል በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ትምህርት ቤቱን ሲከፍት የእንጨት ኩቦችን ለልጆች እጅ የሰጠው፣ ማሪያ ሞንቴሶሪም በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሠፈር የጀመረችው በዚሁ እምነት ነው። ቅንጡ ትምህርት ነው የሚሉ ሰዎች ያንን ሠፈር ያስቡት። ሲንጋፖርም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሒሳብ ትምህርቷን ከተጨባጭ ዕቃ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ምልክት በሚሄድ ቅደም ተከተል ላይ መሥርታ በዓለም አቀፍ ፈተናዎች ከግንባር ቀደሞቹ ተርታ ተሰልፋለች።

የደብዳቤው ደጋፊዎች የትምህርት ተመራማሪዎቹ ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጽሑፍ ሊጠቅሱብኝ ይችላሉ። ጽሑፉ የሚቃወመው ጀማሪ ተማሪን ያለበቂ መመሪያ ራስህ ድረስበት ብሎ መተውን ነው። በዚህ እስማማለሁ፤ ያለአንዳች ጥያቄ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ወረቀት ሲቆርጡና ሲለጥፉ መዋል ብክነት ነው። ነገር ግን መምህሩ ካርዶቹን ቆጥሮ ሲሰጥ፣ ግምታቸውን ቀድሞ ሲጠይቅና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሲያስመልስ ከመመሪያ የሚጎድል ምን አለ? ጫጫታ የተባለውም 14 ነው፣ የለም 26 ነው የሚል ክርክር ከሆነ ሊከበር የሚገባው ጫጫታ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ወደ ዓርብ የማዛወሩ ጉዳይ ነው። ቀመሩን ማክሰኞ በቃሉ የያዘ ልጅ ካርዶቹን ዓርብ ቢያገኛቸው የሚያውቀውን መልስ ማረጋገጫ ብቻ ይሆኑበታል፤ ከመቁጠሩ በፊት መገመት፣ በግምቱ መሳሳት፣ ስሕተቱን ማየት የሚባለው ዕድል አምልጦታል። ጊዜ ከተረፈ የሚለው ቃል ደግሞ የተግባር ሥራውን ጭራሽ ያስቀረዋል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ጊዜ ሲተርፍ ያየ መምህር አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ይሳብ። ካርዶቹ፣ የሚታጠፉት ወረቀቶችና የሳይንስ ሙከራዎቹ ወደየክፍለ ጊዜያቸው ይመለሱ፤ ከቀመሩም በፊት ይምጡ። ልጆቹ የሠሯቸውን ሦስት ሬክታንግሎች ደብተራቸው ላይ ሥለው፣ ዙሪያቸውን ጽፈው፣ ለምን እንደተለያየ በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። ወላጆችም በሚቀጥለው ስብሰባ 12 ካርዶች ይሰጣቸውና ልጆቻቸው ያስረዷቸው።