ተሰባሪ ነው፣ በጥንቃቄ ያዙት

ሰሞኑን ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ ጀግና አየሁ። ሚስቱ ልትመረመር ስትገባ «እስክወጣ ያዝልኝ» ብላ ቦርሳዋን ሰጠችው። ትንሽ ናት፤ ቀይ፣ ማንገቻዋ ሰንሰለት።

እንዲህ ያለ ፈተና በጠላትም አይድረስ። መጀመሪያ የሞተ አይጥ እንደሚጥል ሰው በሁለት ጣቱ አንጠለጠላት። ሰው ባለፈ ቁጥር በጎርናና ድምፅ ይስላል። አላስቻለውም፤ አጠገቡ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ወዲያው አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ እስቲ ቦርሳህን አንሣልኝ፣ ልቀመጥ» አሉት። ቦርሳህን! ላብ አጠመቀው። «የሚስቴ ናት! ሚስት አለችኝ!» አለ። ማንም አልጠየቀውም። በመጨረሻ ኮቱን አውልቆ ጠቀለላት። አሁን ደግሞ ሕፃን የታቀፈ መሰለ።

ይሄኔ አንድ ለግላጋ ወጣት ጆሮው ላይ ሎቲ አድርጎ፣ ቀስ እያለ አለፈ። ጀግናችን ነፍሱ መለስ አለች። «ወንዱ ሁሉ ሴት ሆኖ ቀረ!» ብሎ ጀመረና ልጽፈው የማልወደውን ስድብ አስከተለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ወንድነት ዳነች፤ እልል በሉ።

ጀግናችን ብቻውን አይደለም፤ ሳይንስም ያውቀዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄኒፈር ቦሰንና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ገሚሱን ወንድ ገመድ፣ ገሚሱን የአሻንጉሊት ፀጉር አስጎነጎኑ። ያው ጣት፣ ያው ጉንጉን። ከዚያ ቦክስ መምታት ወይስ እንቆቅልሽ መፍታት ሲሏቸው፣ ፀጉር የጎነጎኑት ወደ ቦክሱ አዘነበሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ሮብ ዊለርና ባልደረቦቹ፣ መጠይቅ ሞልተው «መልስህ ወደ ሴት ያደላል» የተባሉ ወንዶች ጦርነትን የበለጠ ሲደግፉ፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የበለጠ ሲጠሉ፣ ትልቅ መኪናም ሲያምራቸው አገኙ። ውጤቱ እኮ የፈጠራ ነበር! ሴቶቹን «ወደ ወንድ ታደላላችሁ» ቢሏቸው ምንም አልመሰላቸውም። አይ ሴቶች፣ ቁም ነገር አታውቁ።

አሁን ቀልዱ ይቅር። ያ ልጅ ምን አደረገህ? ቦርሳዋን ያሸከመህ እሱ ነው? አንተ ለሁለት ደቂቃ ደነገጥክ፤ እሱ ግን የአንተን ድንጋጤ ዕዳ በስድብ፣ አንዳንዴም በዱላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ሊኖር ነው። ይሄ ወንድነት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ደግሞም ጉልበቱን የሚያወጣው ብቻውን ባገኘው ሰው ላይ ነው።

ይቅርታ፣ ጀግናችንን ማወደስ ላይ ነበርኩ።

ሚስቱ ወጣች። «ምነው፣ ላብ በላብ ሆንክ?»

«ሙቀቱ ነው» አለና ጥቅሉን አስረከባት። ሸሚዙን ብቻ ነበር የለበሰው።