የከሰል ነጋዴው ጸሐፊ

ዲትሮይት ውስጥ፣ ፒኬት በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አለ። ፎርድ ኩባንያ በ1904 ያሠራው፣ ሞዴል ቲ የሚባለው ዝነኛ መኪናው የተወለደበት ፋብሪካ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ባለፈው ሐምሌ ከምንኖርባት ከኦሃዮዋ ኮሎምበስ ሦስት ሆነን ሄድን። ጓደኞቼ ከመኪኖቹ ዙሪያ አልነቃነቅ አሉ። እኔን ግን ይዞኝ የቀረው የባለአክሲዮኖቹ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ሄንሪ ፎርድን የምናውቀው ተሳክቶለት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቋል። በ1899 ዊልያም መርፊ የሚባል የእንጨት ነጋዴና ሌሎች የከተማው ባለጸጎች ገንዘብ አዋጥተው የዲትሮይት አውቶሞቢል ኩባንያን አቋቋሙለት፤ ሃያ ያህል ተሽከርካሪ ሠርቶ በ1901 መጀመሪያ ተዘጋ። በዚያው ዓመት መርፊና ጥቂት ባልደረቦቹ እንደገና ገንዘብ አውጥተው ሁለተኛ ኩባንያ መሠረቱ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተጣሉና ፎርድ በመጋቢት 1902 ዘጠኝ መቶ ዶላርና ስሙን ብቻ ይዞ ወጣ። የተረፈው ድርጅት በሄንሪ ሌላንድ እጅ ካዲላክ የሚባለው የመኪና ኩባንያ ሆነ።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት ሄደ። እኛ ዘንድ አንዴ የከሰረ ሰው “እጁ አይበረክትም” ይባላል፤ ሲብስም “የሰው ገንዘብ በላ”። ባንክ የእናቱን ቤት በመያዣ ይዞበታል፣ ዘመድ በለቅሶ ቤት ፊቱን ያዞርበታል። በኪሳራ ኀፍረት ብቻ አገር ጥሎ የወጣ፣ ዛሬም ድረስ ለመመለስ የሚፈራ ሰው አውቃለሁ።

ግን የዲትሮይት ሰዎች ደግ ስለነበሩ ነው አልልም። ለሦስተኛው ሙከራ መርፊ አልመጣም። የመጣው አሌክሳንደር ማልኮምሰን፣ የከሰል ነጋዴው ነው፤ እሱም የሚያውቀውን ሁሉ እየለመነ አሰባሰበ። ሰኔ 16 ቀን 1903 ፎርድ ሞተር ኩባንያ ሲመዘገብ በእጅ የነበረው ጥሬ ገንዘብ 28 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። ባለአክሲዮኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው፦ ሁለት ጠበቆች፣ የአየር ጠመንጃ ፋብሪካ ሰው፣ የማልኮምሰን አጎት የሆነው ባንከኛ፣ ሞተሩን የሚሠሩት የዶጅ ወንድማማቾች፣ እና ሌሎችም። ከነሱ መካከል የማልኮምሰን ጸሐፊ ጄምስ ከዝንስ ነበረ።

ከዝንስ እንደኛው ስደተኛ ነው። ከካናዳ፣ ከኦንታርዮዋ ቻተም መጥቶ በባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲቆጣጠር የኖረ ወጣት ነበር። የ2,500 ዶላር አክሲዮን ገዛ፤ ከግማሽ በላዩ በዕዳ ነው። እህቱ ሮዜታ፣ የትምህርት ቤት መምህርት፣ ካጠራቀመችው ሁለት መቶ ዶላር ላይ በሱ በኩል አንድ መቶ ሰጠች።

ማልኮምሰን ይህን ሰው አዲሱ ኩባንያ ውስጥ ያስቀመጠው ገንዘቡን እንዲጠብቅለት ነው። ጠበቀም። ገና አንድ ወር ሳይሞላ ባንክ ውስጥ የቀረው 223 ዶላር ከ65 ሳንቲም ነበር፤ ቁጥሩ እስከ ሳንቲሙ ዛሬም ይታወቃል። ከዚያ የመጀመሪያው ገዢ፣ የቺካጎው ዶክተር ፌኒግ፣ 850 ዶላር ከፈሉ። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነው። መለዋወጫው በዱቤ ይገዛል፤ መኪናው ሲረከብ ግን ሻጩ ወኪል በጥሬው ይከፍላል። በመካከል ያለችውን ጊዜ ቀን በቀን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከዝንስ ነበር። ፊቱ አይፈታም፣ ንግግሩ ይጎመዝዛል ይሉታል፤ ነገር ግን ባለአክሲዮኖቹ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የትርፍ ድርሻ ተቀበሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። አርባ ሦስት ሆነን፣ አብዛኞቻችን ከኦሃዮና ከቨርጂኒያ፣ አገር ቤት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ለማቋቋም ገንዘብ አዋጥተን ነበር። ሌሊት ሹፌር ሆነው ሠርተው፣ አረጋውያን ተንከባክበው ያጠራቀሙ ሰዎች ናቸው። ስድስት ዓመት አለፈ። አውቶቡሶቹ ቆመዋል ይባላል፣ ተሸጠዋልም ይባላል። በስድስቱ ዓመት አንድ የተመረመረ ሒሳብ አላየንም። ሥራ አስኪያጁን ሌባ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሐቀኛ ነው ለማለትም የለኝም። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

መዝገብ አናውቅም እንዳይባል፣ እቁባችን ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ አንድ ሳምንት ያዘገየ ይቀጣል፣ ያልከፈለ በዋሱ ይጠየቃል። ግን የእቁብ ገንዘብ ዕጣ የደረሰው ይዞት ይሄዳል፤ ተሰብስቦ ለዓመታት አይቀመጥም። አክሲዮን ላይ ስንደርስ፣ በማናየው ከተማ ለማናየው ገንዘብ፣ “ወንድሜ፣ እስቲ ሒሳቡን አሳየኝ” ማለት እንደ ስድብ ይቆጠርብናል። ማልኮምሰን ግን የገዛ ጸሐፊውን ሲያስቀምጥ ፎርድ አልተሰደበም።

አሜሪካኖቹ እርስ በርሳቸው ተበላልተዋል፤ ይህንንም አልሸሽግም። በ1905 ፎርድና ከዝንስ መለዋወጫ የሚሠራ ሌላ ኩባንያ ከጎን አቋቁመው ትርፉ ወደዚያ እንዲፈስ አደረጉ፤ ማልኮምሰንን ከዚያ አላስገቡትም። በዓመቱ 255 አክሲዮኖቹን በ175 ሺህ ዶላር ሸጦ ወጣ። የራሴ ሰው ብሎ ያስቀመጠው ከዝንስ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ያሳዝናል። በ1916 ደግሞ ፎርድ የትርፍ ድርሻ ሲከለክል የዶጅ ወንድማማቾች ከሰሱት፤ በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲያከፋፍል ወሰነ። የተበደለው ሰው የተበደለውን እስከ ዶላሩ መቁጠር ይችል ነበር። ቆጥሮም ዳኛ ፊት ይቆማል። እኛ ስንት እንደጠፋብን እንኳ አናውቅም።

በዚያው በ1919 ፎርድ የቀሩትን ባለአክሲዮኖች ሁሉ ገዝቶ አስወጣ። የመምህርቷ የሮዜታ አንድ መቶ ዶላር ከ260 ሺህ በላይ ሆነ፤ በየዓመቱ የተቀበለችው ትርፍ ሳይቆጠር።

በ2025 አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲከፈት ከልቤ ደስ አለኝ፤ እዚያ የሚመዘገብ ኩባንያ ሒሳቡን የመግለጽ ግዴታ አለበትና። የእኛው ግን ከዚያ ሩቅ ነው። ስለዚህ ከዲትሮይት በተመለስን በሳምንቱ ለአርባ ሁለቱም ባልደረቦቼ ጻፍኩ። ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ፣ የስድስቱ ዓመት መዝገብ በውጭ ኦዲተር እንዲመረመር የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። እስካሁን አሥራ ዘጠኙ ፈርመዋል። ከቀሩት አንዷ፣ የማከብራቸው እናት፣ ደውለው “ልጄ፣ ልጁ ቅር እንዳይለው” አሉኝ፤ ሥራ አስኪያጁን ማለታቸው ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ደብዳቤውን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።