ቆሻሻ መድፋት ሙያ ካልሆነ ቆሼን ምን እንበለው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ማስታወቂያ እጄ ገባ። በከተማችን ዳርቻ ላለ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ኃላፊ ይፈለጋል ይላል። የትምህርት ዝግጅት፦ በማንኛውም መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት።

ዜሮ! ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። ከመድረኩ የመጣው መልስ እነሆ፦ «ቆሻሻ መድፋት ምን ሙያ ይጠይቃል? ዋናው አመራር ነው።» አዳራሹ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ከ20 ዓመት በላይ የበላሁት የዚህን ሥራ እንጀራ ነው። ጠረኑን ከእኔ ይልቅ ሚስቴ ታውቀዋለች፤ በር ሳልከፍት ነው የምትለየኝ። ስለዚህ «መድፋት» የምትለዋን ቃል ልያዛት። መድፋትማ ማንም ይደፋል። ገልባጩ ጀርባውን ያነሳል፣ አለቀ። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የወጥ ቤት ትርፍራፊ ነው፤ እርጥብ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ክምሩ ይጠጣል። የጠጣ ክምር ይከብዳል፣ ከውስጥ ይንሸራተታል። ስለዚህ በስሱ ትዘረጋዋለህ፣ ዶዘር ይመላለስበታል፣ አፈር ታለብሰዋለህ፣ እንደገና ትዘረጋለህ። ጎኑን አታቆመውም፣ ታዳፋዋለህ። የዝናቡን ውኃ ወደ ውጭ የሚመልስ ቦይ ትቆፍራለህ። ከሥሩ የሚወጣውን ጥቁር ፈሳሽ ወንዝ ሳይደርስ ትይዘዋለህ። ከክምሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሚቴን የሚባል ጋዝም መውጫ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ተጠራቅሞ ሊነድድ ይችላል። ይኼን ሁሉ በወረቀት ላይ ማንም ያነበዋል። ችግሩ ክምሩ ወረቀት አለማንበቡ ነው። ጠዋት ጭሱ ከየት እንደሚነሳ የሚያይ፣ ትናንት ያልነበረች ስንጥቅ ዛሬ ውኃ ይዛ ሲያገኛት «ዛሬ እዚህ ጋ ገልባጭ አይጠጋም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። አንድ የዶዘር ኦፕሬተር ነበረን። መሬቱ በመቀመጫው በኩል ይነግረው ነበር። አንድ ቀን ሥራ መሀል ማሽኑን አጥፍቶ ወረደ። ጮኽኩበት። «ጋሼ፣ እየተነፈሰ ነው» አለኝና ሄዶ ሻይ ጠጣ። ከሰዓት ያ ጎን ሁለት ሜትር ያህል ወረደ። እስቲ ይህን ልጅ ከየትኛው «ማንኛውም መስክ» ነው የምታመጡት?

ቆሼ፣ የአዲስ አበባው የቆሻሻ መድፊያ፣ የተከፈተው በ1956 ነው። ያኔ ከከተማው ውጭ ነበር፤ ከተማው ራሱ እየሰፋ ሄዶ ደረሰበት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ያን ጊዜ ሁሉም የክምር ሊቅ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተባለ። እኔ ግን እንዲህ ነው የምለው፦ ክምር በአንድ ሌሊት አይናድም። ሲናገር ይቆያል። የሚሰማው አጥቶ ነው።

ቆሼን እንዲተካ የተሠራውን የሰንዳፋን ማስወገጃም አንርሳ። በ2008 በስንት ወጪ ተከፈተ፣ ገበሬው ውኃችን ተበከለ፣ ከብታችን አለቀ ብሎ ተነሳ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን ታውቃላችሁ። ፖለቲካ ነው ይሉኛል። ይሁን። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በገበሬው አጥር ሥር ቆሞ ቡና የሚጠጣ፣ ፈሳሹ የት እንደሚሄድ በጣቱ የሚያሳይ አንድ ሥራውን የሚያውቅ ኃላፊ ቢኖር ሰንዳፋ ዛሬም ክፍት ነበር። በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

«አሁን እኮ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ ማመንጫ አለን» የሚሉም አሉ። በ2010 የተመረቀው የረጲ ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነው የተሠራው። ደግ። አመዱስ? አመዱም መሬት ይፈልጋል፣ መሬቱም ሰው ይፈልጋል።

እርግጥ ከእኛም መሀል ጡረታውን እየቆጠረ ሚዛን ቤት የሚያንቀላፋ አለ። እሱን ቀይሩት። ግን በዜሮ አትቀይሩት።

ማስታወቂያው በራችን ላይም ተለጥፏል። ትናንት አንዲት ለቃሚ ማዳበሪያዋን አስቀምጣ «ጋሼ፣ አንብቡልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት።

«እዚህ 12 ዓመቴ ነው። እኔስ አልችልም?»

«ዲግሪ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አትችዪም» አልኳት። ማዳበሪያዋን ተሸክማ ወደ ክምሩ ወጣች። በየትኛው ጎን እንደሚወጣ ታውቀዋለች።